የአባታቸው ሙስታንግ

አባታቸው ሲሞቱ ቀዩን ሙስታንግ የወረሰው ታናሹ ናሁሠናይ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ወንድይፍራው ይህን በሆዱ ይዞ ኖረ። በድሬዳዋ እንዲህ ያለ የድሮ የአሜሪካ መኪና ሌላ አልነበረም። ናሁሠናይ ቀለሙንና ወንበሩን እንደ ጥንቱ ጠብቆ፣ ፍሬኑን ብቻ በአዲስ ቀይሮ፣ የደህንነት ቀበቶ አስገጥሞለታል። ሲያልፍ ሰው ሁሉ ቆሞ ያየዋል። ወንድይፍራው ግን ፊቱን ያዞራል።

አንድ እሁድ ወንድይፍራው ወንድሙ ቤት ምሳ ተጋብዞ ሄደ። እንግዶቹ ስለ መኪናው ብቻ ያወራሉ። መስማቱን አልቻለምና እጁን የሚታጠብ መስሎ ወጣ። መኪናው የቆመበት ግቢ ውስጥ ማንም አልነበረም። የቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ከመኪናው የፊት በር እስከ ኋላ ጎማው ድረስ ቀለሙን በረጅሙ ጫረው። ከዚያ ተመልሶ ገብቶ ምሳውን በላ።

በማግስቱ ናሁሠናይ አስጠራው። የሚክድበትን ቃል እያዘጋጀ ሄደ። ወንድሙ መኪናው አጠገብ ቆሞ ጭረቱን በጣቱ ይዳብሳል።

«አየኸው ጋሼ? የግቢው በር ፍቆት ነው መሰለኝ። ሳስገባው ጭራሽ አልታወቀኝም።»

«እንዴት አይታወቅህም?»

«ዓይኔ እየጠፋ ነው። ሐኪሙ መንዳት አቁም ካለኝ ቆየ፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ዛሬስ የተፋቀው ቀለም ነው፤ ነገ ሰው ብገጭስ?» የመኪናውን ቁልፍ አወጣ። «በል እንካ። ካንተ ሌላ ለማን እሰጠዋለሁ?»

ወንድይፍራው እጁን ዘርግቶ ተቀበለው።