የጋሼ ዓይን

«ታዲያ እህቴ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?» አለ የቤተ ሙከራው እንስሳት ጠባቂ፣ ጠረጴዛው ላይ ለተጋደመው ነጭ ጥንቸል። «‹አንተ ልጅ፣ ከጥንቸል ሌላ ወሬ የለህም?› ብላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው! ይታይህ፣ ጋሼ!»

ከጥንቸሎቹ ሁሉ በዕድሜ ስለሚበልጥ ጋሼ ያለው ጠባቂው ራሱ ነው። ጋሼ ዓይኑን ገልጦ ተኝቷል። ማደንዘዣው እንቅልፍ ያመጣል እንጂ የዓይን ቆብ አይከድንም፤ ለዚህ ነው ዓይኑ ደርቆ እንዳይቆጣ እንደተኛ ወዲያው ቅባት የሚደረግለት።

ጠባቂው ይህን አሳምሮ ያውቃል። ግን ቅባቱ ሲገባበት ያ ዓይን ይደፈርሳል፣ የሚያዳምጥ አይመስልም። ሲነቃ ደግሞ ጋሼ ፊት አይሰጠውም። ቀኑን ሙሉ ጠባቂውን ትክ ብሎ የሚያየው ይሄ የተኛ ጥንቸል ብቻ ነው። ወሬዬን ልጨርስና እያለ፣ ቅባቱን በእጁ እንደጨበጠ ቆየ።

ዶክተሯ ባትሪዋን ይዛ ገባች። ጎንበስ ብላ ጥንቸሉን አየች፤ ቀና ብላ እሱን አየች።

«አንተ! ቅባቱስ?»

«አሁን... ላደርግለት ስል...»

«ስትል!» የጋሼ ዓይን ትንፋሽ እንዳረፈበት መስታወት ደብዝዟል። «መድኃኒቱ ዓይን ያስቆጣል ወይ ብለን ነው የምንለፋው። አሁን መድኃኒቱ ይሁን አንተ፣ በምን ልወቅ?»

ጠባቂው አንገቱን ደፋ።

«እስኪነቃ ጠብታ እያደረግክ ዓይኑን ክደንለት» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ከጠራ ሙከራውን ሌላ ቀን እንደግመዋለን። ካልጠራ ግን...»

አልጨረሰችውም። ለጥናቱ የማይሆን እንስሳ እዚህ ቤት እንደማያድር ሁለቱም ያውቃሉ።

ብቻውን ሲቀር ጠብታውን አደረገና ቆቡን በአውራ ጣቱ ከደነ። አሁን የሚያየው የለም። ወሬውን ሊቀጥል አፉን ከፈተ፤ የት እንዳደረሰው ጠፋበት። ማቀዝቀዣው ብቻ ያጉረመርማል። ክንዱ ዛለ፤ ጣቱን ግን አላነሳም።

ፀሐይዋ ከመስኮቱ ስትሸሽ ከጣቱ ሥር አንድ ነገር ተላወሰ። ቆቡ ነው፣ እየገፋው ነው። ጣቱን አነሳ። ጋሼ ጨፈን ገለጥ፣ ጨፈን ገለጥ አደረገ።

ዶክተሯ ተጠርታ መጣች፤ ባትሪዋን አብርታ ብዙ ቆየች።

«ጠርቷል» አለች በመጨረሻ። «አንተም እሱም ዕድለኞች ናችሁ።»

ጠባቂው ጥንቸሉን አቅፎ ወደ ሽቦ ቤቱ መለሰው። ፊቱን ወደ ሽቦው አስጠጋ። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ።»

ጋሼ አየው። ከዚያ በሚንገዳገዱ እግሮቹ ዞረና ጀርባውን ሰጥቶት ጥጉን ያዘ።

ጠባቂው አውራ ጣቱን አየ። ገና እርጥብ ነው፤ አንዲት ነጭ ፀጉር ተጣብቃበታለች።