ጊኒ ፒግ ከመግዛታችን በፊት

ሁለቱ ልጆቿ ጊኒ ፒግ እንድትገዛላቸው ሲለምኗት ከርመዋል። እናትየው ግን ጠንቃቃ ናት፤ “መጀመሪያ አዲሷ አከራያችን ይፍቀዱ” አለቻቸው። የሚከራየውን ቤት ልታይ ስትገባ፣ ሁለቱንም ለጊኒ ፒጎቹ ያዘጋጁትን ባዶ ካርቶን አስይዛ ከግቢው በር ውጭ አቆመቻቸው።

አከራይዋ እትዬ ስንዱ ቤቱን አዙረው አሳዩዋት። ስትፈልገው የኖረችው ዓይነት ቤት ነው፤ ለልጆቿ ትምህርት ቤትም ቅርብ ነው።

“እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት” አለች እየፈራች። “ሁለት ጊኒ ፒጎች ላሳድግ አስቤ ነበር። ትልቅ አይጥ ይመስላሉ፤ ጭራ ግን የላቸውም። ሣር ነው የሚበሉት።”

“ሁለት ለምን አስፈለገ?”

“አንዷ ብቻዋን ከሆነች ይከፋታል አሉ።”

“ይጮኻሉ?”

“ሲርባቸው ትንሽ ያፏጫሉ።”

“ሽታስ?”

“በየቀኑ አጸዳለሁ።”

እትዬ ስንዱ ሳቁና ቁልፉን ዘረጉላት። “በይ አሳድጊ! እነሱስ የእግዜር ፍጥረት አይደሉ? እኔ የማልችለው ልጅ ብቻ ነው። ሲሮጥ፣ ሲያለቅስ፣ ግድግዳ ሲሞነጫጭር! ልጅ ያለው ሰው እዚህ ግቢ አላስገባም። መቼም አንቺ ልጅ የለሽም?”

እናትየው መልስ ከመስጠቷ በፊት የግቢው በር ተንኳኳ።

“እማዬ! ፈቀዱልን?”