የኤልሳዕ ጫማ ማሰሪያ

«ኤልሳዕ ለገሠ!»

«አቤት!» አለች በለጡ፣ ሳታስበው ከአግዳሚው ብድግ ብላ።

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት። «እናት፣ ተከሳሹ እርስዎ ነዎት?»

«እናቱ ነኝ፣ ክቡር ፍርድ ቤት። ልጄ ሲጠሩት ቶሎ አይሰማም፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እኔ ነኝ አቤት የምልለት።»

ከጀጎል ግንብ በሮች በአንዱ፣ ኤረር በር ላይ፣ ስልክ የቀማው ሮጦ ሲያመልጥ፣ ቆሞ ያየው ኤልሳዕ ተያዘ። ይኸው ስምንተኛ ወሩ። መዝገቡ ሦስት ጊዜ ተቀጠረ፤ ሦስቴም «ሲቀማ አየን» ያሉት ምስክሮች ጠፉ። ባለፈው ዳኛዋ ቁርጡን ተናገሩ፤ ዛሬ ካልመጡ የዓቃቤ ሕጉ ምስክር የማሰማት መብት ይታለፋል። ጠበቃው ለበለጡ በሰው ቋንቋ ነገራት፤ «ካልመጡ ልጅዎ ቤቱ ያድራል።»

ከጠዋት ጀምሮ ዓይኗ በሩ ላይ ነው፤ ልጇን ገና አላመጡትም። በነጠላዋ ጫፍ የልጇን የጫማ ማሰሪያ ቋጥራለች፤ በተያዘ ቀን ፖሊስ ፈትቶ የሰጣትን። ሲፈታ ልጇ ጫማውን እየጎተተ ጀጎል፣ ቤቱ አይገባም።

ከጎኗ ያለችው ዘምዘም፣ በአንድ ግድግዳ ክርክር ሁለት ዓመት የተመላለሰች የአቦከር ሰፈር ሴት፣ በክርኗ ጎሰም አደረገቻት። «አብሽሪ አቦ! ምስክር የለም። ዛሬ ኢንሻአላህ ይዘሽው ትገቢያለሽ። ስልኩ የጠፋበትም እኮ ይሄኔ ሌላ ገዝቷል!»

ዓቃቤ ሕጉ ተነሣ። ምስክሮቹ እንዳልቀረቡ አንገቱን ደፍቶ ተናገረ። በለጡ የነጠላዋን ቋጠሮ ጨበጠች።

ይሄኔ በር ላይ የቆመው ፖሊስ ወደ ፊት መጥቶ አንዲት ወረቀት አቀበለ። ዳኛዋ አነበቧት፣ ደገሟት፣ በረጅሙ ተነፈሱ።

«ማረሚያ ቤቱ መኪና ስለተበላሸበት ተከሳሹን አላመጣም። እሱ በሌለበት መዝገቡን መዝጋት አልችልም።»

«ማረሚያ ቤቱ እዚሁ እኮ ነው» አለች በለጡ። «ዳገቷን ወጣ ብሎ። ልሂድና ላምጣው?»

አሁን የሳቀ የለም።

«እናት፣ በእጄ ቢሆን…» ዳኛዋ አልጨረሱትም። የቀን መቁጠሪያውን ገለጡ። ሐምሌ ሊያልቅ ነው፤ ከነሐሴ ጀምሮ ፍርድ ቤቱ ለክረምት ይዘጋል። «ለጥቅምት ዐሥራ አንድ። ማረሚያ ቤቱ ያላቀረበበትን ምክንያት በጽሑፍ ያስረዳ። ምስክሮቹም በድጋሚ ይጠሩ።»

«በጽሑፍማ ጻፉ እኮ፣ ያ ረቢ» አለች ዘምዘም በሹክሹክታ።

ዓቃቤ ሕጉ ፋይሉን አጥፎ ተቀመጠ። ሌላ ስም ተጠራ። አንድ ሽማግሌ «አቤት» ብለው በከዘራቸው እየተደገፉ ወደ ፊት ወጡ።

በለጡ አልተቀመጠችም፤ አልወጣችምም። የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ሁለቱን ማሰሪያዎች በጣቶቿ አቃናች፣ ጫፍና ጫፋቸውን ገጠመች። ከዚያ መልሳ ቋጠረቻቸው፤ በጥርሷ ስባ፣ እስከ ጥቅምት እንዲይዝ።