ባለቤቱ ያልታወቀው

ዋይፋይዋ ቢንቀራፈፍባት፣ ተከራይዋ መምህርት ማን ማን እንደሚጠቀምበት ልታይ የተገናኙትን መሣሪያዎች ዝርዝር ስልኳ ላይ ከፈተች። ለእያንዳንዱ ስም አወጣችለት፤ «የኔ ስልክ»፣ «ላፕቶፔ»፣ «የጋሽ ደምሰው ስልክ»። ጋሽ ደምሰው አከራይዋ ናቸው፤ ፓስወርዱን እንደ አባት አክብራ ራሷ ነች የሰጠቻቸው። አንድ ባለቤቱ ያልታወቀ ቀረ።

«ኤጭ! የሰው ዋይፋይ የሚመጥ!» አለችና «መዥገር» ብላ ሰይማ ዘጋችው። «አሁን ማን እንደሚንጫጫ እናያለን።»

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ በሯ ተንኳኳ። ጋሽ ደምሰው መሰላል ተሸክመው ቆመዋል።

«ልጄ፣ ባለፈው የቀየርኩልሽ አምፖል ተበላሸ መሰለኝ፤ ልየው።»

«ኧረ ጋሼ፣ በርቷል እኮ!»

«ቢሆንም...»

ቀና አለች። አምፖሉ ቦግ ብሎ በርቷል። ከአምፖሉ መሃል ምስር የምታክል የካሜራ መስታወት ቁልቁል አልጋዋ ላይ አፍጥጣለች።