ዘጠኝ ጎሚቶ

«ጓዶች! ከዛሬ ጀምሮ ውሃ ከላይ ወደ ታች እንደሚወርድ ስገልጽላችሁ ታላቅ አብዮታዊ ኩራት ይሰማኛል!»

ጭብጨባ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ ያርጋል ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከታል። ከራሱ በላይ በተወጠረው ቀይ ጨርቅ ላይ «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን» ተብሎ ተጽፏል። የደባርቅ ነፋስ ግን ጨርቁን እያጠፈ «ተፈጥሮን» ብቻ ያስነብባል።

ክንዴ ከቧንቧው አጠገብ ቆሞ መፍቻውን ካንዱ እጁ ወደ ሌላው ያገላብጣል። መስመሩን የዘረጋው እሱ ነው፤ ብረቱ ገና አልተቀበረም።

ምንጩ ከዚህ ሜዳ ከፍ ቢል የሁለት ሰው ቁመት ያህል ነው። ለዚህ ነው ክንዴ ብረቱን አሸዋ ሞልቶ፣ በፍም አግሎ፣ እንደ በሬ ቀንድ ቀስ አድርጎ ሊያጎብጠው የፈለገው። «የውሃው ጉልበት ትንሽ ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር። በየማዕዘኑ ከተላተመ እዚያው ይደክማል» ብሎ ነበር። የፈለገው ጉብጠት ግን በያርጋል የገብስ ማሳ ጥግ ያልፋል። ያርጋል ስለ ገብሱ አንድ ቃል አልተናገረም። «አብዮት አይጎብጥም!» ብቻ አለ። ስለዚህ መስመሩ ማሳውን እየዞረ፣ ጎሚቶ በሚሉት ማጠፊያ፣ ዘጠኝ ቦታ ላይ ተሰበረ።

ትናንት ሲሞክሩት የወረደው ውሃ የስፌት ክር ያህል ነበር።

«ነገ የአውራጃው እንግዳ ፊት እንዲህ ካደረገ አሻጥር ነው» አለ ያርጋል። «አሻጥረኛ የት እንደሚሄድ ታውቃለህ።»

ክንዴ ያውቃል። የእህቱ ባል ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው።

እናም የላዩ መስመር ተዘግቶ፣ ከማኅበሩ አዳራሽ ጀርባ ድንጋይ ላይ የቆመ በርሜል በጎማ ከቧንቧው ጋር ተገጥሟል። ሴቶቹ ዛሬ ጠዋት ከወንዝ በእንስራ እያመላለሱ ሞልተውታል። አሁን እነዚያው ሴቶች ፊት ለፊት ተሰልፈው ውሃው እስኪመጣ ይጠባበቃሉ።

ከአውራጃ የመጡት እንግዳ ቧንቧውን ይከፍቱታል። ውሃው ይንዶለዶላል። እልልታው ይቀልጣል፤ የሴቶቹ ደግሞ ከልብ ነው፤ ክብደቱን ያውቁታል።

ክንዴ እንግዳው መልሰው እስኪዘጉት ይጠብቃል። አይዘጉትም። እንደተከፈተ ትተውት ወደ ሕዝቡ ይዞሩና ንግግር ይጀምራሉ።

በርሜሉ ሁለት መቶ ሊትር ነው። ክንዴ በሆዱ ይቆጥራል። እንግዳው ገና ፊውዳሊዝም ላይ ናቸው።

«ዝጋው» ይላል ያርጋል፣ ፊቱን ፈገግ እንዳደረገ፣ በጥርሱ መሃል።

«እሳቸው የከፈቱትን?»

«ቀስ ብለህ ነዋ!»

«እርስዎ ይቅደሙ፣ ጓድ።»

ማንም አይቀድምም። ከጀርባ የበርሜሉ ቆርቆሮ ጓ ሲል ክንዴ ብቻ ይሰማዋል። እንግዳው ኢምፔሪያሊዝምን ጨርሰው እጃቸውን ወደ ኋላ ይዘረጋሉ፤ «እነሆ! ይህ የማይነጥፍ...»

ቧንቧው ሁለቴ ያስላል። አንዴ ይተፋል። ዝም ይላል።

እንግዳው ይዞራሉ። ጣታቸውን ከቧንቧው አፍ ሥር ይይዛሉ፣ ጣታቸውን ያያሉ።

«ማነው የሠራው?»

ያርጋል እጁን ወደ ክንዴ ያነሣል። «ጓድ፣ እኔ እንኳ አስቀድሜ ጠርጥሬ ነበር፤ ይኼ አሻ...»

«ኧረ እሱን ተዉት!» ትላለች እትዬ ውቢት ከፊት ረድፍ፣ ድግስ ላይ ጠላ እንዳነሰባት ሴት በኀፍረት። «ጠዋት የቀዳነው አልቆ ነው እንጂ እሱ ምን አደረገ? ንግግሩ እንዲህ ይረዝማል ብሎ የነገረን የለም። እርስዎ ይቀጥሉ ጌታዬ፣ እኛ ደርሰን እንመጣለን።»

እንስራዋን አዝላ ትዞራለች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ይከተሏታል። እንግዳ እንዳይጠብቅ አቋራጩን ይይዛሉ፤ በያርጋል ማሳ ጥግ፣ በደረሰው ገብስ መሃል፣ ቀስ ብሎ እየጎበጠ ወደ ወንዙ የሚወርደውን።

«ገብሴን!» ይላል ያርጋል።

እንግዳው ገብሱን ያያሉ። ከዚያ ከእግራቸው ሥር ካለው ብረት ተነሥተው መስመሩን እስከ ምንጩ በዓይናቸው ይከተላሉ። ክንዴ አሁንም ይቆጥራል። አንገታቸው ዘጠኝ ጊዜ ይዞራል።