ባዶው የመስኮት ደፍ

ታናሽ ወንድሟ ሁልጊዜ ጠዋት ጤና አዳም የተተከለበትን ጣሳ የመስኮቱ ደፍ ላይ ያወጣል። ከእናታቸው ተዝካር ወዲህ ተኳርፈዋል፤ እሷ ግን ከፊት ለፊቱ ሕንፃ ሆና ጣሳውን ሳታይ ቁርስ አይወርድላትም።

ዛሬ ረፍዶም ደፉ ባዶ ነው።

«ምን አገባኝ!» ብላ ተቀመጠች። ወዲያው ተነሣች። መጋረጃውን ገለጠች፣ መለሰች፣ ደግሞ ገለጠች። «ብቻውን እኮ ነው የሚያድረው!»

ነጠላዋን እየጎተተች ደረጃውን ወረደች፤ የእሱንም እያለከለከች ወጥታ በሩን በሁለት እጇ ደበደበችው።

ጢሙን ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ ከፈተላት።

«ደህና ነህ? ጣሳውስ?»

«አልጋ ሥር ደብቄው ነው፣ እትዬ» አላት አንገቱን ደፍቶ። «የላክሁትን ሽማግሌ ሁሉ መለስሽብኝ፤ ምን ላድርግ?»