አጥቂው በውሰት ሄደ

ነገሩ የሆነበትን ዓመት ልስት እችላለሁ፤ ሁለት ሺህ አንድ ይመስለኛል። ማን ምን እንዳለም ቃል በቃል አልምልም። ፋሲካ አልፎ፣ ሃምሳው ሳይወጣ እንደ ነበር ግን አልጠራጠርም።

የሮብ ገበያን የእግር ኳስ ቡድን የሚመራው ባዘዘው፣ ወፍጮ ቤት የነበረው፣ ጥላውን የሚጠረጥር ሰው ነበር። የቡድኑ አጥቂ መሳፍንት ደግሞ የእህቱ የዘሪቱ ልጅ ነው።

ዘሪቱ የተዳረችው ደጀን አጠገብ፣ ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ነበር። ባሏ በድንበር ጠብ ሰው ገደለና ጠፋ። የሟች ወገኖች ደማችን ሳይመለስ ጠጉራችንን አንላጭም፣ ከገዳይ ቤትም እህል ውሃ አንቀምስም ብለው ማሉ። ዘሪቱ ገና ጡት የሚጠባ ልጇን አዝላ ወንድሟ ዘንድ ገባች። ልጁ አደገ፤ ኳስም ቻለ። በደጀን በኩል ግጥሚያ ሲኖር ግን ባዘዘው «እግሩን አሞታል» እያለ ያስቀረዋል።

መሳፍንት ደብረ ማርቆስ ላይ ሁለት ግብ ባስቆጠረ በሳምንቱ አንድ ሰው ወፍጮ ቤቱ ድረስ መጣ። እንዳላማው እባላለሁ፣ ተጫዋች የማዛውር ደላላ ነኝ አለ። ጠጉሩ ተንጨፍርሮ ትከሻው ላይ ወርዷል።

«ጋሼ፣ ልጁን አዲስ አበባ ላስገባው። መልቀቂያውን ይፈርሙልኝ።»

«ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከደጀን።»

ባዘዘው ዐይኑን ከሰውየው ጠጉር ላይ መንቀል አቃተው።

«የምለቀው ተጫዋች የለኝም። ሂድ።»

«ዱቄት ሊያስቅሙት ነው እንዴ? እንዲህ ያለ እግር እዚህ ጭቃ ውስጥ ይቀራል? ይልቅ የአባቱን ስም ይንገሩኝ፤ ለወረቀቱ ያስፈልገኛል።»

«የአባቱ ስም ምን ያደርግልሃል!» ባዘዘው ዱላውን አነሣ።

እንዳላማው ከወፍጮ ቤቱ ወጣ እንጂ ከከተማው አልወጣም። ጠያይቆ ዘሪቱ ደጃፍ ደረሰና ጠላ ለመናት። የሰጠችውን ቆሞ ጨለጠና «ይድገሙኝ» አላት።

ባዘዘው ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ።

«ቤቱን ሊያጠና ነው የገባው!»

«አያ፣ ሰውየው ደላላ ነው» አለው መሳፍንት። «ደላላ ደግሞ ይሉኝታ የለውም። አዲስ አበባ ብገባ ምን አለበት?»

«ጠጉሩን አላየኸውም?»

«ፋሽን ነው እኮ!»

«ደመኛ ፋሽን አያውቅም ያለህ ማነው?»

በማግስቱ እንዳላማው ልምምድ ሊያይ ሜዳ ሲመጣ የቡድኑ ልጆች በጓል እየወገሩ አባረሩት። እየሮጠም «እመለሳለሁ!» ይል ነበር። ዘሪቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሯን በቀንም መቀርቀር ያዘች።

በገበያው ቀን ውበቱ መጣ። የደብረ ኤልያስን ቡድን ማሠልጠን ከጀመረ ዓመት አልሞላውም። ድምፁ ዝግ ያለ፣ የሱፍ ቆቡን እስከ ጆሮው የደፋ ሰው ነው።

«የጮቄ ብርድ አይቻልም» አለና ሳቀ። «ጋሽ ባዘዘው፣ ደላላ እንዳስቸገረዎ ሰማሁ። ልጁን ለእኔ በውሰት ይስጡኝ። በውሰት ያለን ተጫዋች ማንም አያዛውረውም። ክረምት ሲገባ ይመለስልዎታል።»

ባዘዘው አሰበበት። ደብረ ኤልያስ ከደጀን በሌላ አቅጣጫ ነው። ልጁ ኳሱን አይተውም፣ ደላላውም አያገኘውም። ውሎ ሳያድር ተስማማና እንግዳውን ይዞ እህቱ ቤት ሄደ።

ዘሪቱ ቋንጣ ፍርፍር አቀረበች።

«ይቅርታ እትዬ፣ ረቡዕ ነው። ጾመኛ ነኝ» አለ ውበቱ።

ዘሪቱ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ እንግዳ ላለማሳፈር መልሳ ዘጋችው።

«ውሃ እንኳ አፍህን አርስበት።»

«ሲመሽ እትዬ፣ ሲመሽ።»

ባዘዘው በልቡ ሁለቱን አወዳደረ። አንዱ ሳይጠሩት ገብቶ ጠላ ይገለብጣል፣ አንዱ ቀርቦለት እግዜርን ይፈራል። የውሰቱን ወረቀት ሳያመነታ ፈረመ።

«አደራህን፣ ያለኝ እሱ ብቻ ነው» አለች ዘሪቱ።

«ዐይኔን አልነቅልበትም» አላት ውበቱ።

መሳፍንት በሚሄድበት ጠዋት እንዳላማው ከየት እንደ መጣ ሳይታወቅ መናኸሪያው ላይ ብቅ አለ። የአውቶቡሱን ጎን በመዳፉ ይደበድብ ጀመር።

«መሳፍንት፣ ውረድ! ውሰት ምን ያደርግልሃል? አዲስ አበባ ይጠብቁሃል!»

መሳፍንት ከመቀመጫው ተነሣ። ውበቱ ትከሻውን ይዞ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። ባዘዘው ደላላውን በጥፊ ብሎ ጭቃው ውስጥ ጣለው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አንዲት ሽንኩርት ሻጭም «እሰይ! እጅህ ይባረክ!» አለችው።

እንዳላማው ጠጉሩ ላይ የተለጠፈውን ጭቃ እየጠረገ ተነሣ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት ልጁን የገደሉት» ብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሮብ ገበያ አልተመለሰም።

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ባዘዘው ከስንት ጊዜ በኋላ ደረቱ ቀለለው። ቤት ሲደርስ እህቱን «በርሽን ክፈቺ፤ አለፈ» አላት።

ክረምቱ ገባ። መሳፍንት አልተመለሰም። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት ይሆናል ተባለ።

ባዘዘው ለመጨረሻ ጊዜ ወሬ የሰማው በሐምሌ ገብርኤል ነው። አንሙት የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር በደብረ ኤልያስ አድርጎ ደጀን ወርዶ፣ እህል ሊጭን ሮብ ገበያ መጥቶ ነበር። ባዘዘው ገና ሳይወርድ በሩ ላይ ተንጠለጠለበት።

«የእኛን መሳፍንት አየኸው?»

«እሱን እንኳ አላየሁትም። ደብረ ኤልያስ ስጠይቅ ቡድኑ ተበትኗል አሉኝ።»

«አሠልጣኙስ? ውበቱ?»

«እሱንማ ደጀን አየሁት፤ ቤተ ዘመዱ ከቦት እየዘፈነ፣ ያን ቆቡን አውልቆ፣ ጠጉሩን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ።»